ጌጅ ጌጥ አይደለም!

ዛሬ ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ስለ ፖለቲካ አይደለም፣ ስለ ኳስም አይደለም። ከሻይ ብርጭቆ አፍ ስለማትበልጥ አንዲት ክብ ዕቃ ነው። ትራክተር ዳሽቦርድ ላይ የምትቀመጥ፣ ባለ አንድ ቀስት ዕቃ። ጌጅ እንላታለን።

የገጠር መካኒኮቻችን አንድ አባባል አላቸው፤ «ጌጅ እኮ ጌጥ ነው» ይላሉ። ሰው ይስቃል፣ ትራክተሩም ያለ ጌጅ ይሄዳል። እኔም ስቄ አውቃለሁ። ዛሬ ግን አልስቅም፤ ለምን እንደማልስቅ ልንገራችሁ።

የቤታችን ትራክተር ማሴ ፈርጉሰን 135 ነው። ባለ ሦስት ሲሊንደር ፐርኪንስ ናፍታ ሞተር። ይህ ሞዴል በፈረንጆቹ ከ1964 እስከ 1975 የተሠራ ነው፤ ስለዚህ የኛው ከእኔ በብዙ ዓመት ይበልጣል። አባቴ ከሁለት ጎረቤቶቹ ጋር ተዋጥተው ያገለገለ ገዙት። ሦስት ቤት ነው የሚያርሰው፤ ሲተርፈው ደግሞ በኪራይ የሰው መሬት ያርሳል። አሰላ አካባቢ ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ፤ ትራክተር ለአርሲ እንግዳ አይደለም። በ1960 ዓ.ም. ገደማ ካዱ (የጭላሎ የእርሻ ልማት) በስዊድን ድጋፍ ሲጀምር ጀምሮ የምናውቀው ነገር ነው። ያኔ ባለ ርስቱ ትራክተር ገዝቶ ጭሰኛውን ያፈናቅልበት ነበር። ዛሬ የጭሰኛው ልጅ ባለ ትራክተር ሆነ። ይሄ ለአባቴ ቀላል ነገር አይደለም። እሁድ እሁድ በጨርቅ ሲያጸዳው ብታዩ ይገባችኋል።

የዛሬ ሁለት ዓመት ሚያዝያ፣ ለፋሲካ ቤተሰብ ልጠይቅ ሄጄ፣ የዘይት ግፊት ጌጁ ዘይት ማንጠባጠብ ጀምሮ አገኘሁት። የኛ ጌጅ ሜካኒካል ነው፤ ከሞተሩ ቀጭን የመዳብ ቱቦ ወጥቶ ዘይቱን ራሱን እስከ ዳሽቦርዱ ያመጣል። ቱቦዋ ተሰንጥቃለች። መካኒክ ተጠራ። መጣ፣ አየ፣ ቱቦዋን ፈታ፣ ከሞተሩ የምትወጣበትን ቀዳዳ በብሎን ደፈነ። አሥር ደቂቃ አልፈጀበትም። «ጌጁስ?» አልኩት።

«ቲቸር፣ ጌጅ እኮ ጌጥ ነው። ዘይቱን ጠዋት ጠዋት ካየ ይበቃል» አለኝ።

እኔ ምን አልኩ መሰላችሁ? «ይሁን» አልኩ። ፊዚክስ የማስተምረው ሰውዬ! ግፊት ማለት ኃይል በስፋት ሲካፈል እያልኩ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ የኖርኩት ሰውዬ፣ «ይሁን» ብዬ ሂሳብ ከፍዬ ሸኘሁት።

ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ እርሻው በተጋጋለበት ሰዓት፣ ሞተሩ ነከሰ። ማሳ መሃል ቆመ፤ ቀጥ። ሲፈታ ክራንክ ሻፍቱን የሚሸከሙት ብሮንዚኖች ተልጠዋል፣ ክራንክ ሻፍቱ ተቧጥጧል። የሦስት ቤት መሬት በዚያ ክረምት በበሬና በኪራይ ትራክተር፣ ያውም ዘግይቶ፣ ተዘራ። የዘገየ ስንዴ ምን እንደሚሆን ለገበሬ ልጅ አልነግርም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ጥፋቱ ማን ላይ ወደቀ? ታናሽ ወንድሜ ላይ። ሹፌሩ እሱ ነዋ! «ዘይት ሳያይ ነው የሄደው» ተባለ። ሰፈር አወራ፣ ጎረቤቶቹ ተቆጡ፣ አባዬ ለወራት በወጉ አላናገረውም። ልጁ ግን አንድ ነገር ደጋግሞ ይላል፦ «ጋሼ፣ አይቻለሁ፤ ዘንጓን መዝዤ አይቻለሁ፤ ሙሉ ነበር።» ማንም አላመነውም። እኔም በሙሉ ልቤ አላመንኩትም።

ሞተሩ ሲፈታ እዚያው ነበርኩ። የዘይት መያዣው ሲከፈት ዘይቱ ሙሉ ነው! ከታች ያለችው የዘይት ፖምፓው መሳቢያ ወንፊት ግን በዝቃጭ ተደፍናለች። ዘይት አለ፣ ወደ ላይ የሚሄድ ግን የለም። ልጁ እውነቱን ነው። የመለኪያ ዘንጓ የምትነግራችሁ ዘይቱ ምን ያህል እንደሆነ ብቻ ነው። ዘይቱ ብሮንዚኖቹ ጋ መድረሱን የምትነግራችሁ ጌጇ ናት። መጠንና ግፊት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ይህንን በ9ኛ ክፍል ለምታስተምረው ልጅ ጥያቄ አድርገህ ብታወጣ ይመልሰዋል። እኛ ትልልቆቹ ግን ጌጇን በብሎን ደፍነን፣ ጌጥ ናት ብለን ስቀን፣ ከዚያ «ለምን አላየህም?» ብለን ልጁን ከሰስነው። ዓይኑን ጨፍነንበት ለምን አላየህም!

የተናደድኩት ያኔ ነው። ይህን የምጽፈውም ለዚህ ነው።

ሞተሩ ተሠራ። ያ ሌላ ታሪክ ነው፤ የሁለት ዓመት ምርት በላ። ሊገጠም ሲል ያ የድሮ ብሎን እንደገና መጣ! «እንደነበረ እንድፈነው?» አለኝ መካኒኩ። «አይደፈንም፤ ጌጅ እስካመጣ ድረስ ሞተሩ አይነሳም» አልኩ። አባዬ ተቆጣ፣ ጎረቤቶቹ አጉረመረሙ። እኔ ግን ቅዳሜን ጠብቄ ፍለጋ ወጣሁ።

ለአሮጌ ትራክተር ጌጅ መፈለግ ምን እንደሚመስል ስሙ።

አሰላ፦ የለም። «ለ135? ያ ገና አለ እንዴ?» ብሎ የሳቀብኝም ነበር።

አዳማ፦ አንዱ ሱቅ የኤሌክትሪክ ጌጅ ሰጠኝ። «ሰንሰሩስ?» ስለው «እሱ ለብቻ ነው፣ የለኝም» አለ። ያለ ሰንሰር የኤሌክትሪክ ጌጅ መግዛት ያለ ቴርሞሜትር የሙቀት ሰንጠረዥ እንደ መግዛት ነው።

መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ፦ እዚህ አገኘሁ፤ አንድ ብቻ ሳይሆን ሦስት ዓይነት። የመጀመሪያው «ኦሪጅናል» ተባለ። «የት የተሠራ ነው?» አልኩት። «ኦሪጅናል እኮ አልኩህ!» አለኝ። ኦሪጅናል የሚባል አገር ያለ ይመስል! ሁለተኛው ከፈረሰ ትራክተር የወጣ፣ መስታወቱ የደበዘዘ፣ ፊቱ ላይ ስሚዝስ የሚል ጽሑፍ ያለው የድሮ እንግሊዝ ሥራ ነው። ሦስተኛው አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ስምም አገርም የሌለው። ዋጋቸው የተለያየ፣ የሻጮቹ መልስ ግን አንድ ዓይነት፦ «ሁሉም ይሠራል፤ ሁሉም አንድ ነው።»

አንድ አይደለም! ከሦስቱ ባለቤቶች ጋር ተከራክሬ፣ የማይሠራውን እመልሳለሁ ብዬ መያዣ ትቼ፣ ሦስቱንም ይዤ ጎሚስታ ቤት ሄድኩ። ጌጁን ከአየር መሙያው መስመር ጋር አገናኝተን ግፊቱን በጎሚስታው መለኪያ 40 ፒኤስአይ ላይ አቆምን። «ኦሪጅናሉ» 65 አካባቢ አለ። የሚያብረቀርቀው ንቅንቅ አላለም። ያ የደበዘዘው የስሚዝስ ጌጅ 40 ላይ ሄዶ ቁጭ አለ። ጎሚስታው ራሱ በጣቱ መታ መታ አድርጎት «ይሄ ሽማግሌ አይዋሽም» አለ።

አስቡት፤ 65 የሚለውን ብገጥም ኖሮ ምን ይሆን ነበር? እንዲህ ዓይነት ሞተር ሞቆ በሥራ ፍጥነት ሲሄድ የዘይት ግፊቱ በ30 እና በ60 ፒኤስአይ መካከል መሆን አለበት። ግፊቱ 15 ላይ ወርዶ ጌጁ 40 ቢል፣ ወንድሜ ጌጅ እያየ ሞተር ያቃጥል ነበር። የሚዋሽ ጌጅ ከሌለ ጌጅ ይብሳል። ከሌለ ቢያንስ ትጠራጠራለህ።

አሁን ለየወገኑ አንድ አንድ ቃል አለኝ።

ለመካኒኮች፦ ወንድሞቼ፣ እጃችሁን አከብራለሁ። ያለ እናንተ ይህ አገር አይታረስም። ግን ጌጅን ደፍኖ ሂሳብ መቀበል ጥገና አይደለም። «ጥሩ ሹፌር በጆሮው ያውቃል» ትላላችሁ። እውነት ነው፤ አባዬም በጆሮው ያውቃል። ነገር ግን ጆሮ የሚሰማው ብሮንዚኑ ሲያንኳኳ ነው። ሲያንኳኳ ደግሞ ብረት ብረትን መብላት ጀምሯል። ቀስቷ ስትወርድ ወዲያው ሞተር ብታጠፉ ጉዳቱ ወንፊት ማጽዳት ሆኖ ሊቀር ይችላል፤ ጆሮ ሲሰማ ግን ጉዳቱ ሞተር ማውረድ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ቤተሰብ ኑሮ ነው።

ለሻጮች፦ ነጋዴ ማትረፉን አልጠላም። ግን የምትሸጡትን ዕወቁ። ደረሰኙ ላይ ሦስት ነገር ጻፉ፦ ስንት ቮልት፣ ምን ዓይነት ጥርስ፣ ከየትኛው ሰንሰር ጋር እንደሚሄድ። ይህን መጻፍ የሚከብደው ሰው ዕቃውን አያውቀውም ማለት ነው።

ለባለሥልጣናት፦ በ2011 ዓ.ም. የግብርና ማሽነሪ ከቀረጥ ነፃ እንዲገባ ሲወሰን አጨብጭቤያለሁ፤ ዛሬም አልቀየርኩም። ግን በየሪፖርቱ የምንሰማው «ይህን ያህል ትራክተር ገባ» የሚለውን ነው። የገባው ስንቱ ይሠራል? ስንቱ በአንድ ሰንሰር፣ በአንድ ቱቦ ምክንያት አጥር ጥግ ቆሞ ዶሮ ይሰፍርበታል? የቆመን ትራክተር የማይቆጥር ሪፖርት እሱ ራሱ ጌጁ የተደፈነ ዳሽቦርድ ነው። የምጠይቀው ፋብሪካ አይደለም። ትራክተር በብዛት ባለበት ወረዳ ሁሉ፣ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጁ ወይም በዩኒየኑ በኩል፣ አንድ የታመነ የግፊት መፈተሻ ጌጅ፣ አንድ መልቲሜትር፣ አንድ ቴርሞሜትር ይቀመጥ። ገበሬው የገዛውን ጌጅ ይዞ ሄዶ «ይህ እውነት ይናገራል ወይ?» ብሎ ያስፈትሽ። በቃ፤ ይኸው ነው።

«አሮጌውን ሽጠህ አዲስ አትገዛም?» ለምትሉኝም መልስ አለኝ። በምን ብር? ደግሞስ አዲሱም ያረጃል። ጌጅ መደፈን የለመደ ሰው አዲሱንም በአምስት ዓመት አሮጌ ያደርገዋል። ከዚህ በላይ ደግሞ የማሴ ነገር ከሌላው ይሻላል፤ በህንድም በፓኪስታንም በፈቃድ ሲሠራ ስለኖረ ዕቃው ከዓለም አልጠፋም። የጠፋው ትክክለኛውን ከተሳሳተው የሚለይልን ነው።

ለመፍትሔ ያህል፣ ተቃጥዬ የተማርኩትን በነፃ ልስጣችሁ። አሮጌ ትራክተር ያለው ዘመድ ካላችሁ አንብቡለት።

1. መጀመሪያ ጌጁ ሜካኒካል ይሁን የኤሌክትሪክ ለዩ። ከኋላው ቱቦ ከገባ ሜካኒካል ነው፤ ሽቦ ከገባ የኤሌክትሪክ ነው። ሜካኒካሉ ውስጥ የታጠፈች ባዶ ቱቦ አለች፤ ግፊት ሲገባባት ልትቃና ትሞክራለች፣ ቀስቱን ትገፋለች። ፈረንሳዊው ቡርዶን በ1849 እ.ኤ.አ. ያስመዘገበው ዘዴ ነው፤ እስከ ዛሬ የሚያሸንፈው አልተገኘም።

2. የኤሌክትሪክ ጌጅና ሰንሰር ባልና ሚስት ናቸው፤ ለየብቻ አትግዙ። ለምሳሌ የነዳጅ ጌጅ ብትወስዱ፣ በአሜሪካኖቹ የተለመደው ዓይነት ታንኩ ባዶ ሲሆን 240 ኦም፣ ሲሞላ 33 ኦም ነው። በአውሮፓ የተለመደው ግን ባዶ ሲሆን 10፣ ሲሞላ 180 ነው። አቅጣጫው ተቃራኒ ነው! ካቀላቀላችሁ ታንኩ ሲሞላ «ባዶ» ይላችኋል።

3. ጥርሱን ዕዩ። የአንድ ስምንተኛ ኢንች የእንግሊዝ የቱቦ ጥርስ በአንድ ኢንች 28 ነው፤ የአሜሪካው 27። በዓይን አይለዩም። ሁለት ሦስት ዙር ይገባና ይጠብቃል፤ መካኒክ በጉልበት ሲያስገባው የሞተሩን ጥርስ ይበላዋል፣ ከዚያ ዕድሜ ልክ ዘይት ያንጠባጥባል። በእጅ እየዞረ ካልገባ አታስገድዱት።

4. የሙቀት ጌጁ በቀጭን ቱቦ ከፍል ጋር የተያያዘ ዓይነት ከሆነ ቱቦዋን እንዳትቆርጡ። ውስጧ የታሸገ ፈሳሽ አለ፤ ከተቆረጠች ሞተች፤ በተራ ብየዳ አትድንም። ስትገዙ ፍሏን ሙቅ ውሃ ውስጥ ከቴርሞሜትር ጋር ከትታችሁ ፈትሹ። እኔ በባለቤቴ ድስት ነው የፈተሽኩት፤ ድስቱን መልሼ ባጥበውም ተወቅሻለሁ።

5. ይህን ነጥብ ማንም አይነግራችሁም። ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ጠለል ነው። አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ናት፤ እዚህ ውሃ 92 አካባቢ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ይዞ ነው ከዚያ በላይ የሚያስኬደው። ክዳኑ ከላላ፣ ጌጁ ገና «ደህና ነው» በሚለው ቦታ ላይ እያለ ውሃው ሊፈላ ይችላል። ስለዚህ ጌጅ ስትቀይሩ ክዳኑንም ፈትሹ፤ ደጋ ላይ ያላችሁ በተለይ።

6. በገመድ የሚዞረውን የዙር መቁጠሪያ ስትገዙ አቅጣጫውን ጠይቁ። ወደ ቀኝ የሚዞር አለ፣ ወደ ግራ የሚዞር አለ። የሥራ ሰዓት የሚቆጥረውም እሱ ነው፤ ዘይት የሚቀየረው በሰዓት እንጂ «በመሰለኝ» አይደለም።

አንዳንዶቻችሁ «መምህር፣ አንተ ትራክተር ምን አገባህ?» ትሉኝ ይሆናል። ያገባኛል። እኔ በዲፕሎማ ሃይስኩል የማስተምር ሰው ነኝ፤ ይህን ለመረዳት ግን ዲግሪም አይጠይቅም። ደግሞም ጌጅ የደፈንነው ትራክተር ላይ ብቻ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ሲሰጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። አገር ደነገጠ። «ልጆቹ ሰነፉ» ተባለ። እኛ መምህራን ግን በልባችን እናውቃለን፤ ሞተሩ የነከሰው በዚያ ዓመት አይደለም። ለዓመታት ከክፍል ክፍል ስናሳልፍ፣ በኩረጃ የመጣ ውጤት ሮስተር ላይ ስንሞላ፣ ጌጁ 65 እያለ ነው የኖረው። በ2014 የተገጠመው እውነተኛ ጌጅ ነው፤ የተሰደበው ግን ልክ እንደ ወንድሜ ልጁ ነው። እዚህም «ይሁን» ያልነው እኛ ነን። እኔም ጭምር።

ጌጅ መጥፎ ዜና ሊናገር የተፈጠረ ዕቃ ነው። መጥፎ ዜና የማይወድ ሰው ይደፍነዋል። ልዩነቱ ዜናው ቀስት ወርዶ ይምጣ ወይስ ሞተር ነክሶ ይምጣ የሚለው ብቻ ነው። መምጣቱ አይቀርም።

የስሚዝሱ ጌጅ ተገጠመ። አዲስ የመዳብ ቱቦ፣ ትክክለኛ ጥርስ። ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት አባዬ፣ ሁለቱ ጎረቤቶቻችን፣ መካኒኩ ሁላችንም ቆመን ወንድሜ ሞተሩን አስነሳ። ቀስቷ ተነሳች፤ 60 ላይ ወጣች። ሞተሩ ሲሞቅ፣ ዘይቱ ሲቀጥን ወደ 45 ወርዳ ቆመች። አባዬ ጎንበስ ብሎ ለረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ ወንድሜን «ይህቺ ከወረደች ምን ታደርጋለህ?» አለው። «ወዲያው አጠፋለሁ» አለ። «ማሳ መሃል ብትሆንም?» «ማሳ መሃል ብሆንም።» «ጎሽ» አለው አባዬ። ስለዚያ ግንቦት ሌላ ቃል አልተናገረም። የኛ አባቶች ይቅርታ እንዲህ ነው የሚጠይቁት፤ ገብቶናል።

የእኔ ግን በዚህ አያልቅም። በሰው ፊት ተወቅሷልና በሰው ፊት ልናገር፦ ወንድሜ፣ ዘይቱን አይተህ ነበር። ሙሉ ነበር። ጌጁ ሲደፈን ቆሜ «ይሁን» ያልኩት እኔ ነኝ። ይቅርታ አድርግልኝ።

እናንተም ዛሬ ማታ ወደ ቤታችሁ ስትደውሉ «ሰብሉ እንዴት ነው?» ካላችሁ በኋላ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ «የትራክተሩ ጌጅ ይሠራል?» መልሱ «ተደፍኗል» ከሆነ ይህንን ላኩላቸው። በእጁ የሚሠራ የድሮ ጌጅ ወይም ሰንሰር ያለው ካለም ሳይጥል ኮሜንት ላይ ይጻፍልን፤ የሚፈልግ አይጠፋም።

መልካም የእርሻ ወቅት!